የአውድማው ብረት፣ የአምባራስ ደምና ድብርት

ጎንደር ላይ የምግብ ብረትና ድብርት አብረው ሲነሱ፣ ክርክሩን ገና ሳይጀመር የሚዘጋው መልስ «ጤፍ የሚበላ ሰው ብረት አያጣም» የሚል ነው። ለዚህ መልስ ሳይንሳዊ ክብር የሰጠው የስዊድናዊው ሐኪም የይንግቬ ሆፍቫንደር የ1968 ጥናት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኢትዮጵያውያን በየቀኑ የሚመገቡት ብረት እጅግ ብዙ እንደሆነ፣ ከብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስም ብርቅ እንደሆነ ጻፉ። ልኬታቸውን አልጠራጠርም። ከዚያ የተወሰደውን ድምዳሜ ግን አልቀበልም።

አብርሃም በስራትና ባልደረቦቻቸው በ1980 ያሳተሙት የጤፍ ጥናት ከሚገባው በታች ተነቧል። እንደ እነርሱ ማስረጃ፣ ከጤፉ ብረት ብዙው የአፈር ነው። በሬ አውድማ ላይ ሲያበራይ አፈሩ ከፍሬው ይቀላቀላል፤ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑም በመንፋትና በማበጠር ጨርሶ አይጠራም። የአፈር ብረት ደግሞ አንጀት ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። በዚያ ላይ የእህሉ ፋይቴት ብረቱን ይይዘዋል፣ ከምሳ በኋላ የሚጠጣው ቡናም ያግደዋል፤ በጾም ወራት የሥጋው ብረት ከናካቴው ይቀራል። እርሾ ፋይቴቱን ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው፣ የአፈሩን ጉዳይ ግን አይፈታውም።

ደግሞስ ስለ የትኛው ጤፍ ነው የምንከራከረው? ሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ ባለችው አምባራስ ጤፍ አይበቅልም፤ አገሩ የገብስ ነው። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ የአምባራስ ሴቶች አማካይ ሄሞግሎቢን 15.0፣ የወንዶቹ 15.9 ግራም በዴሲሊትር መሆኑን አሳዩ፤ ቆላ ካለ ሰው ብዙ የማይርቅ ነው። በቀድሞው የዓለም ጤና ድርጅት የከፍታ ማስተካከያ ግን በ3,500 ሜትር የሴቶች የደም ማነስ ወሰን ከ12 ወደ 14.7 ይወጣል። ከአማካዩ ጥቂት ዝቅ ያለች ጤነኛ ሴት ሁሉ ደም አነሳት ልትባል ነው! ስለዚህ ሄሞግሎቢን እዚህ ክፉ ምስክር ነው፤ መለካት ያለበት የብረት ክምችቱ፣ ፌሪቲን ነው።

ብረት ከስሜት ጋር ያለው ትስስር ረጅም ሙግት አይሻም። ዶፓሚንና ሴሮቶኒን የሚሠሩ ኢንዛይሞች ያለ ብረት አይሠሩም። ድብርት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው የሚሉ አሉ። በ2005 የታተመው የጆን ቢርድ ቡድን የኬፕታውን ሙከራ መልስ ይሰጣቸዋል፦ ደም ማነስ የነበረባቸው አራሶች ብረት ሲሰጣቸው የድብርትና የጭንቀት ውጤታቸው በ25 በመቶ ያህል ተሻሽሏል። ኬፕታውን ሰሜን ተራሮች አይደለም፤ ፌሪቲንም በኢንፌክሽን ጊዜ ከፍ ብሎ ያሳስታል። ይህን እቀበላለሁ።

በአገራችን የአእምሮ ጤና ጥናቶች የተለመደው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ስለ ድካም፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል። አንዲት የአምባራስ እናት «ቶሎ ይደክምዎታል?» ተብላ «አዎ፣ ሰውነቴ ዝሏል» ብትል፣ የፌሪቲን ልኬት ከጎኑ እስካልተቀመጠ ድረስ መልሷ ስለ ልቧ ይሁን ስለ ደሟ መለየት አይቻልም።