የጤና አገልግሎት አስተዳደር፤ ከስትሪትሃም እስከ ጅማ ያለው የሙያ ዝግጅት

የጤና አገልግሎት አስተዳደር ሆስፒታልን፣ ክሊኒክን ወይም የአንድን አካባቢ የጤና አገልግሎት የመምራት ሙያ ነው። ሥራው አልጋን፣ በጀትን፣ የሠራተኛ ፈረቃን፣ የመድኃኒት አቅርቦትንና የታካሚ ወረፋን ያጠቃልላል። ባለሙያው በሽተኛ አያክምም፤ ሐኪሙና ነርሷ እንዲያክሙ የሚያስፈልገው ሁሉ በቦታው እንዲገኝ ያደርጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስትሪትሃም በደቡብ ለንደን፣ በአብዛኛው በላምቤዝ አስተዳደር ሥር ያለ ሰፈር ነው። የራሱ ትልቅ ሆስፒታል የለውም፤ ያሉት የጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም) ክሊኒኮችና እንደ ግሬስፊልድ ጋርደንስ ያለ ጤና ማዕከል ናቸው። ሆኖም ቱቲንግ የሚገኘው ሴንት ጆርጅ ሆስፒታልና ዴንማርክ ሂል ላይ ያለው ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሩቅ አይደሉም። ስለዚህ የስትሪትሃም ነዋሪ ሙያውን ለመጀመር ሰፈር መቀየር አይጠበቅበትም። ትልቅ ሆስፒታል ብቻ ማየትም የለበትም፤ የጂፒ ክሊኒክን ቀጠሮ፣ ደመወዝና ሒሳብ የሚይዘው ሥራ አስኪያጅ ያው ሙያ ውስጥ ነው ያለው።

የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ፣ የተመሠረተው ጁላይ 5 ቀን 1948 ነው። ለአስተዳደር የሚሆኑ ተመራቂዎችን መልምሎ ማሠልጠን የጀመረው በ1956 ነበር። ከ1974 ጀምሮ ሆስፒታሎቹን የሚመሩት ሐኪም፣ ነርስና አስተዳዳሪ አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ውሳኔ የሚጸናውም ሁሉም ሲስማሙ ነው። ሁሉም አለቃ ከሆነ ተጠያቂው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በ1983 ያነሳው የሴይንስበሪ ሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሮይ ግሪፊትስ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ዛሬ ፋኖስ ይዛ በሆስፒታሉ ኮሪደር ብትሄድ ኃላፊውን ፍለጋ ትንከራተት ነበር ሲል ተሳለቀ። በየደረጃው አንድ ተጠያቂ ሥራ አስኪያጅ እንዲሾም የተደረገው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዛሬ ወደ ሙያው የሚያስገቡት ዋና በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የተመራቂዎች የአስተዳደር ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ ደመወዝ እየተከፈለው በሥራ ላይ ይማራል፤ ጠቅላላ አስተዳደር፣ ፋይናንስ፣ የሰው ኃይል ወይም ሌላ ዘርፍ ይመርጣል። ከ2014 እስከ 2021 ኤንኤችኤስ ኢንግላንድን የመራው ሳይመን ስቲቨንስና እሱን የተካችው አማንዳ ፕሪቻርድ ሁለቱም የዚህ ሥልጠና ውጤቶች ናቸው። ውድድሩ ግን ብርቱ ነው።

ሁለተኛው በር ከታች ወደ ላይ መውጣት ነው፤ በእኔ ግምት ለስደተኛ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የደመወዝ ሥርዓት አብዛኛውን ሠራተኛ በዘጠኝ እርከን ይከፍላል፤ እርከኑም «ባንድ» ይባላል። አዲስ ነርስ ባንድ 5 ላይ ትጀምራለች፤ የዋርድ ኃላፊ ባንድ 7 ነው። እንግዳ ተቀባይና የዋርድ ጸሐፊ ከዚያ በታች ናቸው። ነገር ግን የታካሚ ቀጠሮ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ዋርዱ በየትኛው ሰዓት እንደሚጨናነቅ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አስተዳዳሪው የሚለካውም በዚሁ ነው፦ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው በ4 ሰዓት ውስጥ ታይቶ ይሸኛል ወይም ይተኛል፤ አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና የሚፈልግ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምናውን ይጀምራል። እነዚህን ግቦች ያላወቀ አመልካች ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ አይራመድም። ማመልከቻውም ቢሆን የሚመዘነው በማስታወቂያው ከተዘረዘረው መስፈርት ጋር ነጥብ በነጥብ ነው፤ «ትጉህ ነኝ» ማለት ብቻውን አያስቆጥርም። የሠሩትን በምሳሌ ማስረዳት ያስፈልጋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሰናከላለን።

ኢትዮጵያ ተጠያቂው ማን ነው ወደሚለው ጥያቄ የደረሰችው በሌላ መንገድ ነው። ሆስፒታሉን ሜዲካል ዳይሬክተሩ ይመራ ነበር፤ ያም ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ የግዥ ሰነድ ላይ የሚፈርም ሐኪም ነበር። በ2006 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆስፒታሎችን በአስተዳደር የማጠናከር ሥራ ጀመረ፤ በ2008 ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከዬል ጋር የሆስፒታል አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ከፈተ። ተማሪዎቹ በሥራ ላይ ያሉ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች ነበሩ። ክፍል ገብተው የተማሩትን ይዘው ወደ ሆስፒታላቸው ይመለሱና የቤት ሥራቸውን እዚያው ይሠሩት ነበር። በ2010 የወጣው የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያም የካርድ ክፍልን፣ የታካሚ ፍሰትን፣ ፋርማሲን፣ ላቦራቶሪንና የሕክምና መሣሪያ ጥገናን የሚመለከት ደረጃ ለየብቻ አወጣ። ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ተሰልፎ «ካርድህ ጠፍቷል» የተባለ ሁሉ መመሪያው ካርድ ክፍልን ለምን እንዳካተተ አይጠፋውም።

ኢትዮጵያ የተማረ ሰው ለንደን ሲመጣ ዲግሪውን በዩኬ ኤኒክ በኩል ማስገመት ይችላል። ቀጣሪው ግን ከወረቀቱ ይልቅ የሥራ ልምዱን ይጠይቃል፤ የጅማው ዓይነት ሥልጠና ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ለንደን ውስጥ በኤንኤችኤስ ተቀጥረህ የምትሠራ ከሆነ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ከኪስህ ከመክፈልህ በፊት መሥሪያ ቤትህ በራሱ ወጪ የሚያሠለጥን መሆኑን የቅርብ አለቃህን ጠይቅ።