ጫጉላ፣ ማማ እና የሐይቅ መንገድ

 የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ከስልክ ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከደኑ ሥር ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር ደግሞ ትልቅ ዛፍ ላይ የተሠራ የእንጨት ቤት። ባልና ሚስት በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። «ይሄ የት አገር ነው?» አልኳት። «የት እንደሆነ ምን ያደርግልሃል? አንተ ዕዳ አለብህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አለብኝ።

ዕዳው የ2014 ነው። ሠርጋችን ጥር ላይ ተቆርጦ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ሐይቅ ሄደን ሦስት ቀን ልንቆይ ተስማምተን፣ እኔም ከደመወዜ እየቆነጠርኩ አስቀምጬ ነበር። ጥቅምት 20 ጦርነቱ ደሴ ገባ። በቀናት ውስጥ ኮምቦልቻ ተያዘች፣ ሐርቡም ተራዋ ደረሰ። ያ የጫጉላ ብር ለመኪናና ደብረ ብርሃን ላይ ለቤት ኪራይ ሄደ። ሽማግሌዎቹ «ጥርን ማን ያውቃል፣ ምን አስጠበቃችሁ?» ብለው ኒካሃችንን እዚያው ኅዳር ላይ አሰሩልን። ጫጉላችን ከአምስት ዘመድ ጋር በአንድ ክፍል፣ በዚያ ብርድ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት ተመልሰናል፤ ያልተመለሰ ብዙ ነው። ግን ዕዳ ዕዳ ነው።

እንግዲህ የታሪክ አስተማሪ ሽርሽር ሲያቅድ እንዲህ ይሆናል፦ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ታሪኩን ይጠይቃል። እኔም ከቃሉ ጀመርኩ።

«ጫጉላ» ዛሬ ከ«ሽርሽር» ጋር ተጣብቆ ይነገራል፤ የመኪና፣ የአውሮፕላን፣ የሆቴል ነገር ይመስለናል። ዱሮ ግን ጫጉላ ጉዞ አልነበረም፣ ቤት ነበር። ሠርግ ሲቃረብ የወንዱ ቤተሰብ ከዋናው ቤት ጎን አዲስ ጎጆ ወይም ዳስ ይሠራል። እንጨቱ እርጥብ፣ ቅጠሉ ገና ያልጠወለገ። ሙሽሮቹ እዚያ ውስጥ ሥራ ሳይነኩ ይቆያሉ፣ ሚዜዎች ያገለግሏቸዋል፣ ያጫውቷቸዋል። ሙሽሪት ቶሎ ወደ ማጀት አትገባም። እስቲ አስቡት፣ የገበሬ ልጅ በሕይወቱ ሥራ የማይጠየቅበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ ያሳየችኝ ፎቶ ከባህል የወጣ ነገር አይደለም። ከቅጠልና ከእንጨት የተሠራ፣ ከሰው ዓይን ገለል ያለ የሁለት ሰው ቤት። ልዩነቱ የእኛው መሬት ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቤትም ቢሆን አለን። ማማስ? የቃሉ ልጆች ሆናችሁ ማማን የማታውቁ የላችሁም። ማሽላው እሸት ሲይዝ አራት ባላ እንጨት ተተክሎ፣ ከላይ በርብራብ ተረብርቦ፣ ጥላ ይደረግለታል። የሚመች ዛፍ ካለ ደግሞ ባላ መትከልም አያስፈልግም። እኔ ከጥዋት እስከ ማታ ወንጭፍ ይዤ እዚያ ላይ ውዬ አውቃለሁ። ጥዋትና ማታ ለወፍ፣ ቀን ለዝንጀሮ። ከወዲያኛው ማሳ ማማ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ አለች። መጀመሪያ «ሃ!» ትላላችሁ ለወፏ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጩኸቱ ለወፏ መሆኑ ይቀራል። ስንት ትዳር ከማማ ላይ እንደተጀመረ ሽማግሌ ጠይቁ። (ባለቤቴ ይህን ስታነብ፦ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።)

አሁን ፈረንጅ ጋ እንሂድ። የዛፍ ላይ ማረፊያ በእኛ አህጉር ስሙ የገነነው ኬንያ ነው። ኤሪክ ሸርብሩክ ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1932 እ.ኤ.አ. ኒየሪ አጠገብ፣ አበርዴር ደን ውስጥ፣ ትልቅ የሾላ ወገን ዛፍ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠራ። ስሙን ትሪቶፕስ አለው። ሰዎች ማታ እዚያ ወጥተው ከታች ዝሆንና አውራሪስ ውኃ ሲጠጡ ያዩ ነበር። በፌብሩዋሪ 1952 ልዕልት ኤልሳቤጥ ከባለቤቷ ጋር አንድ ሌሊት አደረችበት። በዚያው ሌሊት አባቷ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ሳንድሪንግሃም ላይ ሞቱ። ልዕልት ሆና ዛፍ ላይ ወጣች፣ ንግሥት ሆና ወረደች ይባላል።

አስጎብኚዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይወዳሉ። እኔ ክፍል ውስጥ የምቀጥለው ከዚህ ነው። ያ ዛፍ ለኪኩዩ ሕዝብ ሙጉሞ ነው፣ ጸሎት የሚደረግበት፣ የማይቆረጥ ዛፍ። የዙሪያው ደጋ መሬት ደግሞ ለነጭ ሰፋሪዎች የተወሰደ ነበር። ንግሥቲቱ ከወረደች ሁለት ዓመት አልፎ፣ በ1954፣ የማውማው ታጋዮች ቤቱን አቃጠሉት። በ1957 እንደገና ተሠራ። የእኛም አገር ከዚህ ነጻ አይደለም። ላንጋኖ ዳር፣ ደን ውስጥ የነበረው ቢሻንጋሪ ሎጅ በ2009 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ በነበረው ቁጣ ተቃጥሏል። ማቃጠሉን አልደግፍም፤ የሠራተኛው እንጀራም አብሮ ነው የነደደው። ግን ለሁለት ሰው ፍቅር የተከለለ ደን፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው በምን ዓይን እንደሚያየው መጠየቅ አለብን። ማማ ላይ ያለው ልጅ የገዛ ማሳውን ነው የሚጠብቀው። ትሪቶፕስ ላይ ያለው እንግዳ የማንን መሬት እያየ ነበር?

ሌላ የገረመኝ ነገር፣ «ሐርቡ» ማለት በኦሮምኛ ሾላ ነው። የከተማችን ስም ራሱ ዛፍ ነው፣ ያውም የዚያ የኬንያው ዛፍ ዘመድ። ስንቶቻችሁ ይህን ታውቁ ነበር?

ወደ ሐይቅ ልመለስ። ከዚህ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ፣ ከደሴ በቦሩ ሜዳ አድርጎ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል። «ሐይቅ» በግዕዝ ዳርቻ ማለት ነው፤ ውኃው በዳርቻው ስም ይጠራል። ውስጡ የገባው መሬት ዛሬ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ ዱሮ ግን ደሴት ነበር። እዚያ ላይ ነው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በፊት እንደነበረ ትውፊቱ ይናገራል፤ ትልቅ ገዳምና ትምህርት ቤት ያደረጉት ግን ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1248 እ.ኤ.አ. የገቡት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተምረዋል። ይኩኖ አምላክም ከመንገሣቸው በፊት የአባ ኢየሱስ ሞዐ ተማሪ ነበሩ ይባላል። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ፣ ሂሩተ አምላክ፣ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረተ። የሐይቁ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቃል የነበረው ሰው ነው። በ1280ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈውና የራሳቸው የኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ያለበት ወንጌል፣ ዘመናቸው ከተመዘገበ ሥዕላዊ የብራና ወንጌሎቻችን ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል በቀላሉ አልሰጥም፣ ለዚህ ግን አልነፍገውም።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ እየተረኩላት፣ «ሄደን ገዳሙን እናያለን» አልኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ሴት ይገባል?» አለች።

አይገባም። የወንዶች ገዳም ነው፣ ሥርዓቱ ነው፤ ሥርዓታቸውንም አከብራለሁ። «ታዲያ አንተ ገብተህ እስክትወጣ እኔ በር ላይ ጫማህን ልጠብቅ ነው ጫጉላችን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የበለጠ ያሳፈረኝ ደግሞ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የአካባቢው ሰው የሚተርከው ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተሠራባት ይላሉ። ፈጣሪ ተቆጣ፣ ምድሩን ሁሉ ውኃ አደረገው፣ ልዕልቲቱም ከነቤተሰቧ ሰጠመች። ያቺ የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ደሴቱ እሱ ነው። ይህንንም ነገርኳት። «እሷ የተቀመጠችበት ላይ እኔ አልቀመጥም ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ሙሉ ሳቅ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ስለሚያነታርከን። በ1520 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሐይቁ ዳር ሲያልፍ ገዳሙ በሰላም ነበር። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደሴቱ ላይ ደረሰ፣ የገዳሙ ሀብት ተወሰደ። ይህን ሳስተምር ክርስቲያኑ ተማሪ እኔን ያየኛል፣ ሙስሊሙም እኔን ያየኛል። «ቲቸር የማን ወገን ነው?» ዓይነት አስተያየት። በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲቀይር ሲታዘዝም ያው አስተያየት ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ ከወዲያኛው ወንበር። እኔ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የማስተምረው። የሐይቅ መንገድ በቦሩ ሜዳ በኩል ነው የሚያልፈው፤ አንዱን ዘሎ ሌላውን ማየት አይቻልም። ክፍሉ ሲከርር ግን አንዳንዴ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አልዋሽም። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ይብሳል፣ ልጆቹ ጦርነትን ከመጽሐፍ አይደለም የሚያውቁት።

ደኑን በተመለከተ፣ በዙሪያው ያለው ኮረብታ አብዛኛው እርሻና ባሕር ዛፍ ነው። አገር በቀል ዛፍ አፍኖ የምታዩት ገዳሙ ያለበት መሬት ላይ ነው፤ መነኮሳቱ ባይጠብቁት ኖሮ እሱም ማገዶ ነበር። ሐይቁም እንደ ዱሮው አይደለም። አሁን በሽንኩርት ተጠብሶ የምንበላው ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም ገደማ ከውጭ የገባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የውኃው ጥራት በጣም እንደቀነሰ አጥኚዎች ጽፈዋል። (ዓሣውን ከመብላት አልከለከላችሁም።)

እና የት ደረስን? ትናንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አባቱ ሐርዲቦ ዳር መሬት አላቸው። ሐርዲቦን የማታውቁ፣ ከሐይቅ በላይ ያለው፣ ውኃው ወደ ሐይቅ የሚወርደው ታናሽ ወንድሙ ነው። ጸጥታው ይበልጣል፣ የሚከለክል በርም የለውም። «ቲቸር፣ እኛ ጋ ሾላ አለ፣ አባባ ማማ ይሥራላቸው ብለዋል፤ ገንዘብ ብለው እንዳይጠሩ» አለኝ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ሦስት ጥያቄ ጠየቀች፦ መሰላሉ ጠንካራ ነው? ሌሊት ምን ይወጣል? ለሰውየው ሚስት ምን ይዘን እንሂድ?

ሦስተኛውን መልሻለሁ፣ ቡናና ስኳር። የሁለተኛውን መልስ የምታውቁ የተሁለደሬ ልጆች ከሥር ጻፉልኝ። የመንፈቁን ፈተና አርሜ እንደጨረስኩ ቅዳሜ ጥዋት እንነሳለን። የ10ኛ «ለ» ልጆች፣ ውጤታችሁ ከመሄዴ በፊት ይለጠፋል፣ አትጨነቁ።