ሸክላና ምስክርነት፦ ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የታሪክ ምንጮች

በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አገራችን ታሪክ ስንወያይ አዘውትረን የምንጠቅሳቸው ምንጮች ዜና መዋዕል፣ ደብዳቤና የመንግሥት ሰነድ ናቸው። በየቤታችን የተቀመጡት አሮጌ ሸክላዎች ግን ከትዝታ መቀስቀሻነት አልፈው በሰነድነት ሲመረመሩ እምብዛም አይታይም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሸክላ ለታሪክ ጸሐፊ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነፍገው ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸ። በአገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ሕንድ ተልኮ ታተመ። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 የሚበልጡ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና 12 ያህል አልበሞችን አወጣ። ፊሊፕስና ካይፋም በዚሁ ገበያ ተሰማሩ። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን በ1972 በፊሊፕስ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ በ1974 በአምሃ ታትመው የቀሩልን በዚህ መንገድ ነው።

ሆኖም እነዚህ ሸክላዎች ብዙ ነገር ይሰውራሉ። በመካከላቸው በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የድምፃዊው ስምና የዘፈኑ ርእስ፣ አንዳንዴም የባንዱ ወይም የአቀናባሪው ስም ይነበባል። ትራምፔት የነፋው፣ ከበሮ የመታው፣ ባስ ጊታር የያዘው ማን እንደ ነበር ግን በአብዛኛው አልተጻፈም። ከክብር ዘበኛና ከፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች የወጡ ስንት ባለሙያዎች ድምፃቸው ተርፎ ስማቸው ጠፍቷል።

የምንኖርባት ሲያትል የዚህን ተቃራኒ ታሳየናለች። በ1930ዎቹና 40ዎቹ በጃክሰን ጎዳና ጥቁር ሙዚቀኞች በየምሽት ክበቡ ጃዝ ይጫወቱ ነበር። ሬይ ቻርልስ በ1948 የመጣው፣ ኩዊንሲ ጆንስም በወጣትነቱ የሠለጠነው እዚሁ ነው። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ በሸክላ የተቀረጸው ጥቂት ነው። ነገር ግን ፖል ዴ ባሮስ የተባለ ጸሐፊ አረጋውያኑን ሙዚቀኞች እየዞረ ጠይቆ በ1993 መጽሐፍ አሳተመ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን የሠፈሩበት የዚህ አካባቢ ታሪክ በምስክሮች ቃል ዳነ። እነርሱ ድምፁ ጠፍቶባቸው ስሙን አተረፉ፤ እኛ ድምፁ ተርፎልን ስሙን እያጠፋን ነው።

የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ኅትመት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙዚቃችንን ለዓለም ስላሰማ ምስጋና ይገባዋል። ከዚያ ወዲህም ዋናዎቹ ሸክላዎች በውድ ዋጋ የሚፈለጉ ዕቃዎች ሆነዋል። ምስክሮቹ ግን በገንዘብ አይተኩም። ጌታቸው መኩሪያ በ2016፣ አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ደግሞ በ2021 አርፈዋል።

ስለዚህ ሸክላ ያለው ወገን ሁሉ አንድ ሥራ እንዲጀምር እናሳስባለን፦ በዘመኑ የተጫወቱትን፣ ወይም ቀረጻውን በዓይናቸው ያዩትን አረጋውያን አጠገቡ አስቀምጦ ያሰማቸው። ማን ተጫወተ፣ የት ተቀረጸ፣ ስንት ተከፈለ ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከነቀኑ በጽሑፍ ያስፍር። ይህ ሳይደረግ የሚሰበሰብ ሸክላ ሀብት እንጂ ታሪክ አይሆንም።