ከየት ተነሥቶ? የክሪክ ሪፖርት፣ የጀማሪዎች እንግሊዝኛ ሰርተፊኬትና የብሪታንያ ዜግነት

መግቢያ

እንግሊዝኛን ጎልምሰው ለሚጀምሩ ስደተኞች የሚሰጡት የዝቅተኛ ደረጃ ሰርተፊኬቶች በብሪታንያ ከመማሪያ ክፍል ወጥተው የዜግነት ሕግ አካል ከሆኑ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ስለ ጉዳዩ የጻፉ የቋንቋ ምዘና ምሁራን አብዛኞቹ በአንድ ፍርድ ይስማማሉ፤ ሰርተፊኬቱ ትምህርት መስሎ የቀረበ ኬላ ነው። ኤላና ሾሃሚ በ2001 ስለ ፈተና ሥልጣን ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ፍርድ መሠረት ጣሉ፤ አድሪያን ብላክሌጅ በ2005 ከብሪታንያ ማስረጃ አቀረቡለት፤ ሾሃሚና ቲም ማክናማራ በ2008 የሰብዓዊ መብት ጥያቄ አደረጉት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ፍርዱ ለዛሬው ሥርዓት እንደሚሠራ፣ ከ2005 እስከ 2013 ለቆየው ደንብ ግን እንደማይሠራ ማሳየት ነው። ያ ደንብ የአመልካቹን መድረሻ ከመነሻው ጋር አስተያይቶ ይመዝን ነበር። ምንጩም በጥናቶቹ ውስጥ ስሙ እየተነሣ ሐሳቡ ብዙም የማይነበበው የ2003 የበርናርድ ክሪክ ሪፖርት ነው።

ስለ ደረጃዎቹ

ሰርተፊኬቶቹ ስለሚመሠረቱባቸው የቋንቋ ደረጃዎች አመጣጥ ክርክር ስለሌለኝ አላረዝምም። ያን ቫን ኤክ በ1975 ለአውሮፓ ምክር ቤት ያዘጋጁት «ስሬሾልድ ሌቭል»፣ ከእሱ በታች የተቀመጠው «ዌይስቴጅ»፣ ብራያን ኖርዝ በስዊዘርላንድ 300 ያህል መምህራንና 2,800 ያህል ተማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት የለኳቸው መግለጫዎች፣ በ2001 የታተመው የአውሮፓ የጋራ ማዕቀፍም በሚገባ ተጽፎባቸዋል። ግሌን ፉልቸር በ2004 እንዳስጠነቀቁት፣ መምህራን የሰጡት ግምት ውሎ አድሮ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጠር ጀመር። በዚህ እስማማለሁ።

በእንግሊዝ በ1999 ከወጣው የክላውስ ሞዘር ሪፖርት በኋላ «ስኪልስ ፎር ላይፍ» የተባለው ብሔራዊ ዘመቻ ተጀመረ፤ በ2001 ደግሞ የአዋቂዎች የኢሶል (የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛ) ሥርዓተ ትምህርት ወጣ። ሦስቱ የጀማሪ ደረጃዎች፣ ማለትም ኢንትሪ 1፣ ኢንትሪ 2 እና ኢንትሪ 3፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው ከማዕቀፉ ኤ1፣ ኤ2 እና ቢ1 ጋር ይነጻጸራሉ። ለክርክራችን የሚጠቅመው አንድ ባሕርይ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ መናገርን፣ ማዳመጥን፣ ማንበብንና መጻፍን ለያይቶ ያስቀምጣል። አንድ ሰው በንግግር ኢንትሪ 3፣ በጽሕፈት ኢንትሪ 1 ሊሆን እንደሚችል ከመነሻው ይቀበላል፤ ሰርተፊኬቶቹም በየክህሎቱ ተለይተው እንዲሰጡ ተደርጎ ነበር።

የብላክሌጅ ሰንሰለት የት ተበጠሰ?

የብላክሌጅ ሥራ በጥንቃቄ የተሠራ ስለሆነ በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል። በ2001 የበጋ ወራት በኦልድሃም፣ በበርንሊና በብራድፎርድ ከተሞች ግጭት ተነሣ። ብላክሌጅ ከዚያ ወዲህ የተነገረውን ይከተላሉ፤ የእስያ ተወላጆች በቤታቸው እንግሊዝኛ አይናገሩም የሚለው የፖለቲከኞች ንግግር ከአፍ ወደ ሪፖርት፣ ከሪፖርት ወደ ምክር ቤት፣ ከምክር ቤትም ወደ 2002ቱ የዜግነት፣ የኢሚግሬሽንና የጥገኝነት ሕግ እንዴት እንደተሸጋገረ ያሳያሉ። በየእርከኑ ንግግሩ ሥልጣን ይጨምራል። ሕጉ የቋንቋ ግዴታውን ለዜጎች ባልና ሚስቶች ጭምር ማስፋቱም ለመከራከሪያቸው ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጉድለቱ ያለው በማቆሚያው ላይ ነው። የ2002ቱ ሕግ ቋንቋው «በቂ» ይሁን ይላል እንጂ በቂ የሚባለው ምን ያህል እንደሆነ አይቆርጥም። ያንን የወሰኑት ከሕጉ በኋላ የመጡት የክሪክ ሪፖርትና የሚኒስትሩ ደንቦች ናቸው። የአመልካቹ ዕጣ የሚወሰነው በደንብ እንጂ በምክር ቤት ንግግር ስላልሆነ፣ የንግግሩን ዘር መቁጠር ብቻውን ደንቡ ሰው ላይ ምን እንደሠራ አይነግረንም። የብላክሌጅ መጽሐፍ ሲታተም ደንቡ ገና ሥራ ላይ ስላልዋለ እሳቸው አይወቀሱም። መወቀስ ያለባቸው መደምደሚያቸውን ተቀብለው ከ2005 በኋላ ለሆነው ሁሉ እንዳለ ያዋሉት ናቸው።

የማክናማራ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በጽሑፎቻቸው ደጋግመው የሚያነሡት በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ያለውን የሺቦሌት ታሪክ ነው፤ በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ አንዲት ቃል አሳስቶ የጠራ ኤፍሬማዊ ይገደል ነበር። ለጥገኝነት ጠያቂዎች የትውልድ አገር የቋንቋ ምርመራ ታሪኩ በትክክል ይስማማል። ለክሪክ ደንብ ግን አይስማማም። በመሻገሪያው ላይ ኤፍሬማዊው ትናንት ምን ያህል ይችል እንደነበር የጠየቀ፣ ተምሮ እንዲመለስም ጊዜ የሰጠው ሰው አልነበረም። የክሪክ ቡድን የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ክሪክ ምን አለ?

የፖለቲካ ፈላስፋው በርናርድ ክሪክ የመሩት አማካሪ ቡድን በመስከረም 2003 ባቀረበው ሪፖርት ለሁሉም የሚሆን አንድ የማለፊያ መስመር ማስመር ተገቢ አይደለም አለ። አዲስ መጤዎች ያልተማረ ገበሬም፣ ዲግሪ ያለው ሐኪምም ናቸው። ስለዚህ መለኪያው መሻሻል ይሁን፤ ከኢንትሪ 3 በታች ያለ አመልካች ካለበት የኢሶል ደረጃ አንድ ደረጃ ከፍ ማለቱን ያሳይ። ከኅዳር 1 ቀን 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ነው። እንግሊዝኛው ኢንትሪ 3 የደረሰ ሰው «ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ» የተባለውን ፈተና ይወስዳል፤ ከዚያ በታች ያለው ስለ ዜግነት የሚያስተምር ይዘት የታከለበት የኢሶል ኮርስ ተከታትሎ ሰርተፊኬቱን ያቀርባል። በ2007 ይኸው መንገድ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድም ተዘረጋ።

እዚህ ላይ ሾሃሚን ከራሳቸው ጋር ማገናኘት ይገባል። በ2001 መጽሐፋቸው የፈተናን ሥልጣን ከማጋለጥ አልፈው አማራጭ ጠቁመዋል፤ ምዘና ዴሞክራሲያዊ ይሁን፣ ሥልጣኑ ከተመዛኙና ከመምህሩ ጋር ይከፋፈል፣ ማስረጃው ከአንድ ቀን ውጤት ይስፋ። የክሪክ መንገድ መምህሩ የሚያደርገው የመነሻ ምዘና፣ የወራት ትምህርትና የደረጃ ሰርተፊኬት ነበረው። የኬላን ባሕርይ በያዘ ሥርዓት ውስጥ የእሳቸውን ምክር ይህን ያህል የተጠጋ ደንብ ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ያለውን ደንብ ከጨካኞቹ ጋር በአንድ ቃል ማውገዝ ምሁራዊ ጥብቅነት ሊባል አይችልም።

በ2013 የጠፋው

ከጥቅምት 28 ቀን 2013 ጀምሮ የኮርሱ መንገድ ተዘጋ። አመልካች ሁሉ በመናገርና በማዳመጥ ቢ1 እንዲያሳይ፣ ከዚያም ላይ «ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ»ን እንዲያልፍ ግዴታ ሆነ። በ2015 የኢሶል ሰርተፊኬቶች ለዜግነት ማስረጃነት መዋላቸው ቀርቶ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) በመረጣቸው ፈተናዎች ተተኩ። ከነሱ አንዱ የትሪኒቲ ኮሌጅ ለንደን «ግሬድ 5» ነው፤ 10 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ ሲሆን ተፈታኙ አስቀድሞ ባዘጋጀው ርዕስ ላይ ይናገራል።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ፊደል ላልቆጠረ ሰው የተሻለ ይመስላል፤ ንባብና ጽሕፈት ከቋንቋው ፈተና ወጥተዋልና። ነገር ግን ንባቡ በሌላ በር ገብቷል። «ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ» በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ በ45 ደቂቃ 24 ጥያቄዎች የሚመለሱበት፣ ለማለፍ 18 ትክክል መሆን ያለበት ፈተና ነው። የፈተናውን መጽሐፍ ማንበብ፣ ጥያቄውን ማንበብ፣ ምርጫዎቹን ማንበብ ግድ ይላል። ስሙ የዕውቀት ፈተና ነው፤ ሥራው ግን የንባብ ፈተና ነው። የቀድሞው ደንብ ከኢንትሪ 3 በታች ያለውን ሰው ከዚህ ይጠብቀው ነበር።

የልዩነቱን ክብደት ለማየት የአማርኛ ተናጋሪዎችን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። ለንደን ውስጥ ኢንትሪ 1 ክፍል የሚገቡ ሁለት ሴቶችን እናስብ። አንዷ ፊደል ቆጥራ ዳዊት የደገመች ናት፤ ሌላዋ በየትኛውም ቋንቋ አንብባ አታውቅም። የኢንትሪ 1 ጽሕፈት የሚጠይቀው የላቲን ፊደላትን በትልቁና በትንሹ ማወቅን፣ ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍን፣ ዓረፍተ ነገርን በነጥብ መዝጋትን ነው። ለመጀመሪያዋ ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍ አዲስ አይደለም፤ ምልክት ድምፅን እንደሚወክል ከሀሁ ጀምሮ ታውቃለች፤ ዓረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ ዘግታለች። አዲስ የሚሆንባት የፊደላቱ ቅርጽና የትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት ነው። ለሁለተኛዋ ሁሉም አዲስ ነው። በአንድ ዓመት አንዷ ኢንትሪ 2ን ብታልፍ፣ ሌላዋ ኢንትሪ 1ን ብትጨርስ፣ የሁለተኛዋ ጉዞ እንደሚረዝም ግልጽ ነው። የክሪክ ደንብ ለሁለቱም እውቅና ይሰጥ ነበር፤ የ2013ቱ ደንብ ለሁለቱም አይሰጥም።

ችግሩ ባሕር ማዶም ይታያል። ከኅዳር 29 ቀን 2010 ጀምሮ ወደ ብሪታንያ ሊገባ የሚያመለክት የትዳር አጋር በመናገርና በማዳመጥ ኤ1 ማሳየት አለበት። እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ በሆነባት ኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ይህን ያለ ዝግጅት ሊያልፍ ይችላል፤ ትምህርት ቤት ላልገባች የገጠር ሴት ግን የኮርስ፣ የጉዞና የፈተና ወጪ ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በቢቢ ጉዳይ ሲወስን ደንቡን አልሻረም፤ ይሁንና ትምህርቱንና ፈተናውን ያለ ከልክ ያለፈ ወጪ ማግኘት ለማይችሉ አመልካቾች አፈጻጸሙ የቤተሰብ ሕይወት መብትን ሊጥስ እንደሚችል አሳሰበ። ዳኞቹ የመነሻን ጥያቄ አነሡ ማለት ነው።

መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ የኮርሱ መንገድ ለማጭበርበር የተጋለጠ ነበር የሚል ነው። ሆም ኦፊስ በ2010 እውቅና ያላቸውን ተቋማት ብቻ በመቀበልና የደረጃው እድገት በማስረጃ እንዲታይ በማድረግ ደንቡን አጥብቆ ነበር፤ መድኃኒቱ ይኸው ነበር። ደግሞስ አስተማማኝ የተባሉት ፈተናዎች ከማጭበርበር ድነዋል? በ2014 የቢቢሲው «ፓኖራማ» ፕሮግራም ቶይክ በተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ጣቢያዎች የተፈጸመውን ማጭበርበር ለአደባባይ አብቅቷል።

ሁለተኛው፣ ከኢንትሪ 1 ወደ ኢንትሪ 2 የተሻገረ ሰው አሁንም ከሐኪሙ ጋር በወጉ መነጋገር አይችልም የሚል ነው። እውነት ነው፤ የ10 ደቂቃ ቃለ መጠይቅም ይህን ዋስትና አይሰጥም። ሦስተኛው፣ መሻሻልን ግዴታ ማድረግም ማስገደድ ነው የሚለው የሾሃሚ ወገን ክርክር ነው። ማስገደድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አንዱ ማስገደድ ሰውን ወደ ክፍል ሲልክ ሌላው ወደ ፈተና ጣቢያ ከላከ፣ ሁለቱን አንድ ስም መስጠት ትንተናን ማቆም ነው።

ገደብንም መግለጽ ተገቢ ነው፤ እዚህ የተነበቡት ደንቦችና ሪፖርቶች እንጂ የክፍል ውሎዎች አይደሉም። መንግሥት በ2007 የኢሶልን ነፃ ትምህርት ለብዙዎች ማቋረጡም የክሪክን ሐሳብ ገና በጠዋቱ አዳክሞታል። ይህ ግን የሐሳቡ ሳይሆን የበጀቱ ጉድለት ነው።

መደምደሚያ

ጉዳዩ ታሪክ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2025 የወጣው የብሪታንያ መንግሥት የኢሚግሬሽን ነጭ ወረቀት በመሻሻል ስም አዲስ መሰላል አቅርቧል፤ የሠራተኞች ጥገኛ የሆኑ አዋቂዎች ሲገቡ ኤ1፣ ፈቃድ ሲያራዝሙ ኤ2፣ ለቋሚ መኖሪያ ቢ2 እንዲያሳዩ። ቃሉ የክሪክ ነው፤ አሠራሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የክሪክ እድገት የሚቆጠረው አመልካቹ ከቆመበት ነበር፤ የነጭ ወረቀቱ እርከኖች ግን ለሐኪሙም ፊደል ላልቆጠረችውም አንድ ናቸው። ፈተናን ሁሉ ኬላ ብሎ ያወገዘ ጥናት ይህን ልዩነት የሚለይበት መሣሪያ የለውም፤ መንግሥት የመሻሻልን ቋንቋ ሲወስድበትም የሚመልሰው ያጣል። የቋንቋ ምዘና ምሁራን ለፖሊሲ አውጪዎች ተጨባጭ አማራጭ ማቅረብ ከፈለጉ ከባዶ መጀመር አይኖርባቸውም። ስምንት ዓመት የሠራ ደንብ አለ፤ መዝገቡ ተከፍቶ፣ በዚያ መንገድ ያለፉት ሰዎች በቋንቋም በኑሮም የደረሱበት ከ2013 በኋላ ካለፉት ጋር መነጻጸር አለበት።