አንድ ስም፣ ሁለት ካሜራዎች፦ የካኖን 5ዲ እና የ5ዲ ማርክ ቱ ታሪክ

የጃፓኑ ካኖን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢኦኤስ 5ዲን፣ በ2008 ደግሞ ተተኪውን 5ዲ ማርክ ቱን ሲያወጣ ሁለቱ ካሜራዎች በቅርጽም በአያያዝም እጅግ ስለሚመሳሰሉ ልዩነታቸው የቁጥር ብቻ ይመስል ነበር፤ ሆኖም የመጀመሪያው ፎቶ አንሺዎችን ከፊልም ጥቅል ሲያላቅቅ፣ ሁለተኛው ኩባንያው ባልጠበቀው መንገድ የሲኒማን አሠራር ቀይሯል።

ሁለቱም ባለ መስታወት ካሜራዎች ናቸው፤ በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይን መመልከቻው ስለሚደርስ ፎቶ አንሺው የሚያየው ሌንሱ የሚያየውን ነው፣ ማንሻው ሲጫን ግን መስታወቱ ይነሳና ብርሃኑ በፊልም ምትክ ሴንሰር በሚባለው፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በሚለውጠው ሰሌዳ ላይ ያርፋል። በመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ የነበረው ችግር የዚህ ሰሌዳ ስፋት ነበር፤ ትልቅ ሴንሰር ማምረት እጅግ ውድ ስለሆነ አብዛኞቹ ካሜራዎች 36 በ24 ሚሊ ሜትር ከሆነው የፊልም ምስል ያነሰ ሴንሰር ይዘው ይወጡ ነበር፣ በዚህም የተነሳ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበው ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ በካኖን አነስተኛ ካሜራዎች ላይ እንደ 38 ሚሊ ሜትር ጠባብ ሆኖ ይቀር ነበር። የካኖን 1ዲኤስ ይህን በ2002 ቢፈታውም ዋጋው ወደ 8,000 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ 5ዲ ግን ያንኑ ሙሉ ስፋት በ3,300 ዶላር ገደማ አቀረበ። የ12.8 ሚሊዮን ነጥቦቹ ብዛት ሲወራለት ቢኖርም፣ ትልቁ ውለታው የቆዩ ሌንሶችን እውነተኛ እይታ መመለሱ ነበር።

ማርክ ቱ የነጥቦቹን ብዛት ወደ 21.1 ሚሊዮን፣ ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚለካውን አይኤስኦ ከ3,200 ወደ 25,600 ከፍ አደረገ፤ ዘጠኝ ነጥብ ያለው የፎከስ ሥርዓት ግን በዋናነት ሳይለወጥ መቆየቱ ለእንዲህ ዓይነት ካሜራ የማይገባ ቁጠባ ነበር። ታሪክ የሠራው በ1,920 በ1,080 ነጥብ ጥራት ቪዲዮ መቅረጹ ነው። የኒኮን ዲ90 በጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ባነሰ ጥራት ቪዲዮ ስላስገባ፣ የቀዳሚነቱ ክብር ለኒኮን ሊሰጥ ይገባል፤ ካኖን ይህን ችሎታ የጨመረው በድረ ገጽ ላይ ቪዲዮ ማውጣት የጀመሩ የዜና ተቋማት ስለጠየቁት ነበር።

የፊልም ሠሪዎችን ልብ የሳበው ግን የሴንሰሩ ስፋት ነው። በዘመኑ የነበሩት የቴሌቪዥን ካሜራዎች ሴንሰር ጥፍር ስለሚያህል ፊትና ጀርባውን እኩል አጥርተው ያሳዩ ነበር፤ የማርክ ቱ ሴንሰር ደግሞ ከተለመደው ባለ 35 ሚሊ ሜትር የሲኒማ ፊልም ምስል እንኳ ስለሚሰፋ ተዋናዩን አጥርቶ ከኋላው ያለውን ማደብዘዝ፣ ማለትም ተመልካቹ ከሲኒማ ጋር የሚያያይዘውን መልክ፣ በ2,700 ዶላር ገደማ ማግኘት ተቻለ። ጉድለቱ ቀላል አልነበረም፦ ቪዲዮ ሲቀረጽ መስታወቱ ተነስቶ ስለሚቆይ የዓይን መመልከቻው ይጨልማል፣ አንድ ቅጂ ከ12 ደቂቃ ገደማ አያልፍም፣ ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ቀጥ ያሉ ምሰሶዎች ያዘነብላሉ፤ የብርሃን ቀዳዳውንም ካሜራው ራሱ ይወስን ስለነበር አንዳንዶች ቀዳዳቸው በእጅ የሚስተካከል የተፎካካሪውን የኒኮንን ሌንሶች በማገናኛ ቀለበት እየገጠሙ ይሠሩ ነበር።

ይህ ጥረት ኩባንያውን አስገደደው፤ በጁን 2009 የካሜራውን ውስጣዊ ፕሮግራም አድሶ የብርሃን ቁጥጥሩን ለባለሙያው ሰጠ፣ በማርች 2010 ደግሞ በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ይቀርጽ የነበረው ካሜራ የሲኒማውን 24 እና በብዙ አገሮች ቴሌቪዥን የሚሠራበትን 25 እንዲይዝ አደረገ። በሜይ 2010 ‹‹ሀውስ›› የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የስድስተኛ ምዕራፉን መዝጊያ ክፍል በማርክ ቱ ቀርጾ አሳየ። ካኖንም በኖቬምበር 2011 በሆሊውድ በሚገኘው ፓራማውንት ስቱዲዮ ሲ300 የተባለውን፣ ከመነሻው ለሲኒማ የተሠራ ካሜራውን ይፋ አደረገ።