የተራራው መዝገብ

በጃይንትስ ካስል፣ ወደ ድራከንስበርግ ተራሮች መግቢያው ላይ፣ አንድ መዝገብ አለ። ወጥቶ የሚያድር ሰው ስሙን፣ የሚሄድበትን መንገድ፣ የሚመለስበትን ቀንና ቢጠፋ የሚደወልለትን ሰው ስልክ ይጽፍበታል። ከዳቬይተን ተነስቼ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ የደረስኩ ዕለት እስክሪብቶውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። መንገዱ አስፈርቶኝ አልነበረም። በዚህ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ስሜ የሰፈረባቸው መዝገቦች ሁሉ፣ የጥገኝነት ወረቀት የሚታደስበትም ሆነ ሱቅ ሲፈተሽ የሚሞላው፣ እኔን ለመያዝ የሚያገለግሉ ነበሩ። ይኼኛው ግን ስሜን የጠየቀኝ ብጠፋ ሊፈልገኝ ነው።

ነገሩ ከኔ ሱቅና ከኔ ድንኳን የሚበልጥ ታሪክ እንዳለው የገባኝ ቆይቶ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሳችን ልጀምር። ብቻዬን ተራራ ላይ ላድር እንደምሄድ ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ «ከማን ጋር ተጣላህ?» አለኝ። ሌላው ስእለት ያለብኝ መሰለው። አልፈረድኩባቸውም። አማርኛችን ብቻውን ወደ ተራራ ለወጣ ሰው ያዘጋጀው ስም ሁለት ነው፤ መናኝ ወይም ሽፍታ። መናኙ ዓለምን ንቆ ዋልድባ ይገባል፣ ቋርፍ እየቀመሰ ይኖራል። ሽፍታው ተበድሎ ወይም በድሎ «ዱር ቤቴ» ይላል። እረኛና አዳኝም አሉ፤ እነሱ ግን ሥራ ላይ ናቸው። የሚሸሸው ነገር ሳይኖር፣ አይቶና ተኝቶ ሊመለስ ብቻ የሚወጣ ሰው በቋንቋችን ውስጥ ገና መቀመጫ አልተሰጠውም።

ስሜንን እንይ። የደጃዝማች ውቤ አገር ነበር። ውቤ ሊነግሥባት ባዘጋጃት በደረስጌ ማርያም፣ በ1855 ዘውድ የጫነው ግን ቋራ በረሃ ሸፍቶ የነበረው ካሳ ኃይሉ ነው። ከዚያ በፊት በ1841 ፌሬና ጋሊንዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ራስ ደጀንን ወጥተዋል። መጻሕፍት «የመጀመሪያዎቹ» ሲሏቸው ይገርመኛል፤ የስሜን እረኛ ፍየሉን ይዞ የት ይውል ነበር? ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ። በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገባ፣ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ሰፈረ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከተራራው ተነስተው ደባርቅ አጠገብ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ዛሬም ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ ወደ ሳንቃበር የሚያቀና እንግዳ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል። ስካውቱ ብዙ ጊዜ ጨዋታ አዋቂ፣ መንገዱንም ዋሊያውንም የሚያውቅ ሰው ነው። ቢሆንም በአገሬ ትልቁ ተራራ ላይ ብቻዬን ማደር አልችልም።

ወደ ደቡቡ ተራራ ስንመጣ፣ እዚህ ታሪኩ የሚጀምረው ከምዝገባ ነው።

እኔ የወጣሁበት በር የላንጋሊባሌሌ በር ይባላል። በር ያልኩት ጣርማ በር እንደምንለው ነው፤ ገደሉን ሰንጥቆ ወደ ላይኛው ሜዳ የሚያወጣ መተላለፊያ። ላንጋሊባሌሌ የሕሉቢ ሕዝብ አለቃ ነበር። ዝናብ በማዝነብ የታወቀ ሰው ሲሆን ስሙ ግን «ፀሐይ ታቃጥላለች» ማለት ነው። እንግሊዞች በ1849 ሕሉቢዎችን ከተራራው ግርጌ ያሰፈሯቸው አዝነውላቸው አልነበረም። ከላይ እየወረዱ የሰፋሪዎችን ከብት የሚነዱትን ሳኖች እንዲከላከሉላቸው ነው።

ኋላ ኪምበርሊ ላይ አልማዝ ተገኘ። የሕሉቢ ወጣቶች ሊቆፍሩ ሄዱ፣ ብዙዎቹም በድካማቸው ዋጋ ጠመንጃ ይዘው ተመለሱ። የናታል መንግሥት ጠመንጃው ሁሉ ይመዝገብ አለ። ሕዝቡ ለምዝገባ የገባ ጠመንጃ አይመለስም ብሎ ፈራ፤ አለቃውም አመነታ። ወደ ፒተርማሪትስበርግ ቢጠራ ዛሬ ነገ እያለ ቀረ። በ1873 መገባደጃ ሰዎቹንና ከብቱን ይዞ በዚህ በር ወደ ባሱቶላንድ፣ ወደ ዛሬዋ ሌሶቶ፣ መሻገር ጀመረ።

ያገሬ አንባቢ እዚህ ላይ መቅደላን ሳያስታውስ አይቀርም። መቅደላ ከወደቀች ገና ስድስት ዓመት አልሞላም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ተራራውን መጨረሻቸው አደረጉት፤ ላንጋሊባሌሌ መንገድ ሊያደርገው ሞከረ።

በሩን እንዲዘጋ የተላከው ሻለቃ አንቶኒ ዱርንፎርድ ይባላል። ሲወጣ ከፈረሱ ጋር ገደል ወድቆ ትከሻው ወለቀ፤ ግራ እጁ ከዚያ በኋላ አልዳነም። እንዲያም ሆኖ ኖቬምበር 4 ጧት ከጥቂት ፈረሰኞች ጋር አናቱ ላይ ደረሰ። ቀድማችሁ እንዳትተኩሱ የሚል ትእዛዝ ነበረው። እሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲነጋገር የሕሉቢ ወጣቶች ቋጥኝ ቋጥኙን ተገን ይዘው ከበቡ። ፈረሰኞቹ ተሸበሩ፤ ማፈግፈግ ሲጀምሩ ተኩስ ተከፈተ። ከመንግሥት ወገን አምስት ሰዎች ሞቱ፦ ሦስት ነጮች፣ ካምቡሌና ካታና የተባሉ ሁለት ጥቁሮች። በበሩ ዙሪያ ያሉት የተራራ ጫፎች ዛሬ በአምስቱ ስም ይጠራሉ። ከዚያ የመጣው በቀል ግን ልክ አልነበረውም። የሕሉቢ መሬት ተወረሰ፣ ከብቱ ተነዳ፣ ሕዝቡ ተበተነ። በዚያ በቀል ከሞቱት የአንዱንም ስም በያዝኩት ካርታ ላይ አላገኘሁም።

ላንጋሊባሌሌ በዲሴምበር ሌሶቶ ውስጥ ተያዘ። አሳልፎ የሰጠው የታላቁ የሞሸሼ ልጅ ሞላፖ ነው። ጠበቃ እንደ ወጉ ሳይቆምለት ተፈረደበት፤ የዕድሜ ልክ ግዞት። በ1874 ወደ ሮበን ደሴት ተወሰደ፣ ማንዴላ ከመግባታቸው ዘጠና ዓመት ያህል አስቀድሞ። ጳጳሱ ጆን ኮሌንሶ ጉዳዩን ይዘው እስከ ለንደን ጮኹ፤ አገረ ገዥውም ተሻረ። አለቃው በዓመቱ ከደሴቲቱ ወጣ፤ ናታልን ግን እስከ 1887 አላያትም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንድ መዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ እየሰፋ ሄደ፤ ከጠመንጃው አልፎ ሰውየውን ራሱን መመዝገብ መጣ።

እኔ የምኖርባት ዳቬይተን የዚያ ሁለተኛው መዝገብ ልጅ ናት። በ1955 ከቤኖኒ ከተማ ወጣ ብላ ለጥቁሮች ተቆረቆረች፤ ውስጧም በየጎሳው ተከፋፍሎ ነበር። የ1952ቱ ሕግ ጥቁር ሰው ሁሉ የይለፍ ደብተር እንዲይዝ አስገድዷል። ሕዝቡ «ዶምፓስ» ይለዋል፤ የጅል ወረቀት እንደማለት ነው። ከተማ ውስጥ ያለ ፈቃድ ከ72 ሰዓት በላይ የቆየ ይታሰራል። በ1953 ደግሞ መናፈሻውም መታጠቢያውም መዝናኛውም በቀለም እንዲለይ ተደነገገ። የይለፍ ሕጉ በ1986፣ ሁለተኛው በ1990 ተነሳ። ሲቡሲሶ ቪላኔ ኤቨረስት ጫፍ የቆመ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የሆነው በ2003 ነው፤ በእኔ ስሌት ደብተሩ ከቀረ አሥራ ሰባት ዓመት በኋላ።

ከሱቄ ዳቦና ስኳር የሚገዙ አንዲት ጎጎ አሉ። ጎጎ እኛ እማማ እንደምንለው ነው። ያን ዓርብ ትልቁን የጀርባ ቦርሳ አዝዬ ሲያዩኝ «ልጄ፣ ፖሊስ እየፈለገህ ነው?» አሉኝ። ወደ ተራራ ነው ብዬ ሳስረዳቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቆርጠው፣ በእሳቸው ጊዜ ብቻውን ተራራ ላይ የተገኘ ጥቁር ወይ የነጭ እረኛ ነው ወይ ያመለጠ ነው ይባል እንደነበር ነገሩኝ። የጓደኞቼ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ጎጎ አማርኛ አያውቁም፤ መናኙን አነሱት እንጂ ሽፍታውን አልረሱትም።

በሩን ለመውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በጋው ያደረቀው ሣር ቢጫ ነበር፤ ከላይ፣ ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ፣ ነፋሱ ድንኳኔን ሁለት ጊዜ ነቀለው። በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ፣ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። (የጋዝ ምድጃ ይዣለሁ፤ ክብሪቱን ግን ሱቅ መደርደሪያ ላይ ረስቼዋለሁ። ክብሪት የሚሸጥ ሰው!) ሸንተረሩ የሁለት አገር ድንበር ነው። ከምሥራቁ የወረደ ዝናብ በቱጌላ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ከምዕራቡ የወረደው በኦሬንጅ ወንዝ በኩል ወደ አትላንቲክ ይሄዳል። አጥር የለም፣ ኬላም የለም። የሚጠጣው ውኃ ግን በሌሶቶ በኩል ነበር፤ የኔ ወረቀት ደግሞ ድንበር አያሻግርም።

ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ጄሪካኔን ይዤ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወረድኩ። ብርድ ልብስ የደረበ የባሶቶ እረኛ ከውሻው ጋር ምንጩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። «ሉሜላ» አለኝ፣ «ሉሜላ» አልኩት። አንድ ጣቱን አውጥቶ አሳየኝ፤ ብቻህን ነህ ወይ ማለቱ ነው። እኔም አንድ ጣቴን አወጣሁ። ራሱን ነቀነቀና ወደ ከብቶቹ ዞረ። ስሜንም ወረቀቴንም አልጠየቀኝም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ብዙም አልወሰደኝም። በነፋሱ መሃል ጆሮዬ የሚያዳምጠው የእግር ኮቴ ነበር፤ የሱቅ በር ሲንኳኳ የለመደ ጆሮ ነውና። ማንም አልመጣም። ሊነጋጋ ሲል ይኼ ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ መሰለኝ፤ ፀሐይ ድንኳኑን እስክታሞቀው ተኛሁ።

በዚህም ምክንያት ቁልቁለቱን ዘግይቼ ወረድኩ። እመለሳለሁ ካልኩበት ሰዓት ሦስት ሰዓት አሳልፌ መግቢያው ስደርስ ጠባቂው መዝገቡን ከፍቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። የጻፍኩለት ቁጥር የጎጎ ነበር። ሲያየኝ «መጣ፣ መጣ» አላቸውና ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ጎጎ በዙሉኛ የተቆጡትን ግማሹን ነው የተረዳሁት። ጠባቂው ስሜ ላይ መስመር አሰመረበትና የተመለስኩበትን ሰዓት አጠገቡ ጻፈ።