ጭነትና ሙቀት፤ ከሴባስቶፖል እስከ ዲልብ ዳገት

በበዓል መጽሔት ላይ ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ መጋዘንና ስለ ግብዓት አቅርቦት መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን በዛሬው ጽሑፌ ግብዓቱ ከመጋዘን ወጥቶ የገበሬው ደጃፍ እስኪደርስ ስለሚያልፍበት ዳገት፣ በተለይም ጭነት በሚጎትት መኪና ካምቢዮ ውስጥ ስለሚፈጠረው ሙቀት፣ ታሪክን መነሻ አድርጌ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። ጉዳዩ የሾፌርና የመካኒክ ብቻ መስሎ ሊታየን ይችላል። ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ስህተቴን ያየሁት በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ከአሸተን ማርያም እንጀምር

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የወጣ ሰው ዳገት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ከአለት የተፈለፈለችው የአሸተን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ትውፊቱ ሥራዋን ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። በዚህ መንገድ ሰውም ሆነ ጭነት ሲወጣ የኖረው በእግርና በበቅሎ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከአንድ በቅሎ ጎታች አባት ጋር ይህን ዳገት ወጥቼ ነበር። እኒህ አባት በየመታጠፊያው በቅሏቸውን ቆም እያደረጉ ያስተነፍሷት ነበር። ከላይ ስንደርስ በቅሎዋ በላብ ርሳለች። ለማገዝ ብዬ ኮርቻውን ላወርድ ስል «ተው ልጄ! ላብ የያዘውን ጀርባ ለንፋስ አትስጠው። መጀመሪያ ቀስ እያለች ትዘዋወር» አሉኝ። የግብርና ኮሌጅ ዲፕሎማ ይዤ ይህን ከእሳቸው መማሬ በወቅቱ አሳፍሮኝ ነበር። የቃላቸው ሙሉ ትርጉም የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

70 ኩንታል ብረት

በአገራችን ታሪክ ከባድ ጭነት በተራራ ላይ ስለመጎተት ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚታወሰው የአጼ ቴዎድሮስ መድፍ ነው። በ1859 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል ይባላል። በእኛ አቆጣጠር 70 ኩንታል መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ አካባቢ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንትና በዋድላ አድርገው፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል ማለት ነው።

መድፉን የጎተተው የሰው ክንድ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሽቅብ ሲሆን ከፊት ይስባል፣ ቁልቁል ሲሆን ከኋላ ይይዛል። ከዚህም በፊት መንገዱ መጠረግ፣ ድንጋዩ መፈለጥ ነበረበት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ እንደነበር በጊዜው አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። የሰው ጉልበት ደግሞ ገደቡን ይናገራል፤ ሲደክመው ይቆማል፣ ሲሞቀው ያልበዋል። የጉዞውን ፍጥነት የወሰኑት ዳገቱና ጭነቱ ነበሩ።

በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ በእኛው በላስታ ምድር አልፎ፣ ወደ መቅደላ ሲዘምት ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችን አስከትሎ ነበር። ዝሆኖቹ ከባድ መድፎችን በጀርባቸው ተሸክመው የላስታንና የዋድላን ተራሮች ወጡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

ሞተር ወደ ተራራው ሲመጣ

በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባች። ወደ እኛ አካባቢ ግን ሞተር በስፋት የመጣው ጣሊያን በወረራው ዓመታት ከአዲስ አበባ በደሴና በወልዲያ አድርጎ ወደ መቀሌና አሥመራ የሚዘልቀውን መንገድ ከሠራ በኋላ ነው። «ካምቢዮ» እና «ፍሪሲዮን» የሚሉት ቃላትም የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። ከዚያም «ኤንትሬ» የምንለው የፊያት የጭነት መኪና የአገራችንን ዳገት ለረዥም ዘመን ተሸከመ። በደርግ ዘመን ደግሞ በቻይና ዕርዳታ ከወረታ ወልዲያ የተዘረጋው መንገድ ተሠራ። ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከወልዲያ ተነሥቶ በዲልብ ዳገት ወጥቶ ጋሸና የደረሰ መኪና ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው ከዚሁ መንገድ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ውስጥ ጥርስ ከጥርስ ጋር ስለሚነካከስ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል ጥቂት ነው። በዚህ ዓይነቱ መኪና የሚቃጠለው ፍሪሲዮን ነው፤ እሱም ሾፌሩ ዳገት ላይ ግማሽ ረግጦ ሲይዘው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር ኃይልን በፈሳሽ አማካይነት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ለመርከብ ፈለሰፈ። ይኸው ሐሳብ ወደ መኪና ተዛውሮ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል የኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ለገበያ ቀረበ። በዚህ አሠራር ሞተሩ አንዱን ተሽከርካሪ ያዞራል፤ እሱ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ ደግሞ ሁለተኛውን ተሽከርካሪ ያዞራል። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ጎማው በዝግታ ሲሄድ የሁለቱ ልዩነት በዘይቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከባድ ተሳቢ ታስሮ ዳገት ሲወጣ የሚሆነው ይኸው ነው።

መጠኑን በምሳሌ ልግለጽ። ሞተሩ 100 ኪሎዋት ኃይል ቢያወጣና ከመቶ አሥሩ ብቻ በዘይቱ ውስጥ ቢቀር 10 ኪሎዋት ነው። ይህም ሦስት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ካምቢዮው ሥር እንደመጣድ ይቆጠራል። ጤነኛ የካምቢዮ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይሠራል። ባለሙያዎች በተለምዶ እንደሚያሰሉት ከዚህ በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከ120 ዲግሪ ካለፈ መቆም ግድ ነው። ዘይቱ ቀይነቱን ትቶ ቡናማ ይሆናል፣ የመቃጠል ሽታ ያመጣል፣ የጎማ ማሸጊያዎች ይደርቃሉ፣ በመጨረሻም ዲስኮቹ መያዝ ያቅታቸዋል።

የእኛ ደጋ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በ3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ማቀዝቀዣውን የሚነካው ንፋስ ደካማ ነው። ክፍት ውኃም በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እናቶቻችን በደጋ ባቄላ ቶሎ አይበስልም የሚሉት ለዚህ ነው። ዳገት ላይ መኪናው ቀስ ስለሚል ራሱ የሚፈጥረው ንፋስም የለም።

በዲልብ የሆነው

ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር የስንዴ ምርጥ ዘር ዘግይቶብን ስለነበር አንዲት አውቶማቲክ ፒክአፕ ከነተሳቢዋ ተከራየን። በጀርባዋ 8፣ በተሳቢዋ 25፣ በድምሩ 33 ኩንታል ጫንን። ከሴባስቶፖል ግማሽ አይሞላም ብዬ ቀልጄ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ዲልብ ላይ ሾፌሩ «ጋሼ፣ የካምቢዮው መብራት በራ፤ ሽታም አለው፤ ቆመን እናብርደው» አለኝ። ዕድሜው ከእኔ ቢያንስም በሥራው ይበልጠኝ ነበር። እኔ ግን ጋቢና ውስጥ ሆኜ ሰዓቴን እያየሁ «ወንድሜ፣ ገበሬው እየጠበቀ ነው፤ ትንሽ ብቻ ግፋ» አልኩት። ገፋ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንሄድ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልንቀሳቀስ አለ። ታኮ አስገብተን መንገድ ዳር ቆምን።

ሌላ መኪና እስኪገኝ አራት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ሌሊት ዝናብ መጣ፤ ሸራው ቢኖርም 6 ኩንታል ዘር ራሰ። ዘሩ ቀበሌው ሲደርስ ከፊሉ ገበሬ የቤቱን ዘር ዘርቶ ጨርሷል፤ የቀረው ደግሞ ዘግይቶ ዘራ። ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩባቸው አንድ አባት አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ መኪናው ይሠራል። ሰኔ ግን አይመለስም» ብቻ አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ለመቆጠብ ብዬ የሰው ወቅት አባከንኩ። ይህን የምጽፈው ሾፌሩ ጥፋተኛ ተብሎ ስለነበረ ነው። እሱ አልነበረም፤ ግፋ ያልኩት እኔ ነኝ።

ምን እንማር?

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ከወጣ ወዲህ ማኅበራት በዩኒየን እየተደራጁ የግብዓት ማጓጓዝ ሥራን በራሳቸው ትከሻ ተሸክመዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን ብናጤን እላለሁ። አንደኛ፣ መኪና ስንከራይ የመጎተት አቅሙን ከነተሳቢው ክብደት እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣና ሙቀት መለኪያ እንዳለው፣ ዘይቱም መቼ እንደተቀየረ እንይ። ሦስተኛ፣ ዳገት ከመጀመሩ በፊት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይግባ፤ ቁልቁለት ላይም በሞተር ይያዝ፣ ፍሬን ብቻውን ይቃጠላልና። አራተኛ፣ ካምቢዮው ሲግል ሜዳ ቦታ ቆሞ፣ ማርሹን አውጥቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ዘይቱ በማቀዝቀዣው እየዞረ የሚበርደው ሞተሩ ሲሠራ ነውና። የአሸተኑ አባት ስለ በቅሎዋ የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። አምስተኛና ዋናው፣ ሾፌር «እንቁም» ሲል የሚያስቆም ሥልጣን ይኑረው፤ ይህም በጭነት ውላችን ላይ ይጻፍ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ዩኒየናችን የብዙ ትንንሽ ጉልበቶች ድምር ነው። ያ ድምር ዳገት መሐል ተቃጥሎ እንዳይቀር ቆም ማለትንም አብረን እንወቅ። መልካም በዓል፤ ቸር ክረምት ያድርግልን።